ምላሱን አቆዩልኝ

«ስለቱን ይዘኸዋል?»

አጋፋሪ ታመነ ይህን ሲጠይቅ ሦስተኛ ጊዜው ነበር። አንዴ ከደጃፍ፣ አንዴ የአይራራን ወንዝ ሲሻገሩ፣ አሁን ደግሞ ዳገቱን አጋምሰው አንኮበር በጉም ስትሸፈን። በቅሎው ላይ እንደተደላደለ ዞር ይልና ይጠይቃል። ቀጥቃጩ ገብረጻድቅም በእግሩ እየተከተለ፣ ብብቱ ስር የሸጎጠውን የቁርበት ጥቅል ዳበስ አድርጎ «ይዣለሁ፣ ጌታዬ» ይላል።

እንዴት ይረሳዋል! ይህን ካራ ሁለት ቀን ሙሉ ነው የቀጠቀጠው። ርዝመቱ አንድ ስንዝር፣ ጫፉ እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ፣ አብሮት ደግሞ የሚያዳልጥ ነገር ጨምድዶ የሚይዝ ትንሽ ጉጠት። በሃያ ዓመት የቀጥቃጭነት ዘመኑ ለማንም ማረሻ፣ ለማንም ጦር እንዲህ አልተጠበበም። ወናፉን ሲነፋ እያንጎራጎረ ነበር የነፋው። ስሎ ስሎ ሲጨርስ በክንዱ ጠጉር ሞከረውና ጠጉሩ ሲረግፍ ሳቀ፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ሲስቅ ያ የመጀመሪያው ነው።

ካራው የተሠራው ለመሪጌታ ወልደአረጋይ ምላስ ነበር።

ዘመኑ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ሰኔ ነው። የከብት እልቂት በገባ በሦስተኛው ወር መሆኑ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የበሬ ሬሳ ተጋድሟል፤ አፍንጫውን በሸማው ሳይዝ የሚያልፍ ሰው የለም። ጅቡ እንኳ ጠግቦ ሥጋ እየመረጠ ነው ይባል ነበር። አራሹ ቀንበሩን ሰቅሎ፣ በዶማ ልቆፍር ብሎ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሲጸየፈው ወደኖረው ወደ ገብረጻድቅ ቤት መመላለስ ጀምሯል። መጸየፉን ግን አልተወም። ዶማውን ከቀጥቃጩ እጅ አይቀበልም፤ «መሬት ላይ አስቀምጠው» ይላል፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ እንትፍ ብሎ ያነሳዋል። ብረት ከጠይብ እጅ በቀጥታ የተቀበለ ሰው ዓይኑ ይወጋዋል ብሎ ያምናላ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት፣ ገብረጻድቅ ማረሻ ይዞ አረርቲ ገበያ ወርዶ ሳለ አንድ የገበሬ ልጅ በትኩሳት ታመመ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ወልደአረጋይ ደጀ ሰላም ላይ ቆመና፣ በዚያ ስድስት መንደር በሚያሰማ ድምፁ፣ ልጁን የበላው ከወንዙ ማዶ እሳት ሲያነድድ የሚያድረው ቤት ነው ብሎ ተናገረ። ሕዝቡ የቀረውን ራሱ ጨረሰው። በሰለችን ከምንጭ ዳር ከነእንስራዋ ይዘው አመጧት። ቡዳ የበላውን ሰው ቡዳው ምራቁን እንትፍ ካለበት ይድናል ይባላልና፣ ልጁ ላይ ትፊ አሏት። በሰለች አፏ በፍርሃት ደርቆ ምራቅ አጣች። «ከለከለች» አሉ። ከዚያ ድንጋይ ነበር።

ገብረጻድቅ በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውጭ፣ ከሾላ ስር ቀብረዋት ደረሰ። አቤት ሊል አንኮበር ወጣ። ይኸው ዛሬ በበቅሎ የሚመራው አጋፋሪ ታመነ ነበር የችሎቱን በር የያዘው፤ ጠይብ ከመቼ ወዲህ ነው ከካህን የሚሟገተው ብሎ በዱላ መለሰው። የዱላው ሰንበር በሳምንቱ ጠፋ። ሊናገር ይዞት የሄደው ቃል ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ጉሮሮው ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ።

እንግዲህ ያው መሪጌታ፣ ያው ደጀ ሰላም ላይ፣ በዚያው ድምፁ፣ አሁን ደግሞ በአገረ ገዥው በፊታውራሪ ኃይለ ገብርኤል ላይ ተናገረ። ፊታውራሪ ከዘመቻ የነዳው የምርኮ ከብት አፉ ለሀጭ እየደፈቀ በሚያዝያ በቆላው በኩል ገብቶ ነበር፤ በሦስት ሳምንቱ ያገሩ በሬ አለቀ። «ይህን በሽታ እግዚአብሔር አላመጣውም፤ ፊታውራሪ ነው የነዳው» አለ መሪጌታ። ወሬው ከአንኮበር ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን ጫጫ ደረሰ። ፊታውራሪም ምላሱን አስቆርጣለሁ ብሎ ማለ።

ነገሩ እውነት ነበር። ገብረጻድቅ ራሱ መንጋው በቤቱ ደጅ ሲያልፍ አይቷል፤ ሦስቱ ወንዙ ዳር ተደፍተው ሲቀሩ ቆጥሯል። ለማንም ግን አልተናገረም። ለማን ይናገራል? ደግሞስ እውነት ሆነም አልሆነ ምን ቸገረው፤ ያ አፍ ይዘጋለት እንጂ። የተናገረው እውነት ስለሆነ በሰለች አትነሳ።

ከዳገቱ ማለቂያ፣ አጋፋሪው በቅሎውን ቆንጠጥ አድርጎ ቀድሞ ሲያልፍ፣ ከወይራው ስር አንዲት መነኩሲት ብድግ አሉ። ቆባቸው ዝናብ አርሶታል። እማሆይ ወለተሐና ነበሩ፤ የመሪጌታ ወልደአረጋይ እናት።

«ገብረጻድቅ» አሉት።

ቆመ። ከወንዙ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው «አንተ ጠይብ» ሳይለው በስሙ ሲጠራው ለጊዜው እሱን መሆኑን ራሱ ተጠራጠረ። ከዚያ ግን የሚመጣው ልመና ነው አለና ልቡን አጠነከረ። መልሱን ካዘጋጀ ስድስት ዓመቱ ነው። ለኔይቱ ማን ለመነላት ይላቸዋል፤ ከዚያ ትቷቸው ይሄዳል።

«አሳየኝ» አሉት እንጂ አልለመኑትም።

በክፋት ነበር የፈታው፤ ዝግ ብሎ፣ ቁርበቱን እጥፍ በእጥፍ እየገለጠ፣ ፊታቸውን እያየ። አሮጊቷ አውራ ጣታቸውን ስለቱ ላይ አሳረፉ። ደም ጠብ አለ። ጣታቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስለት አለው። እግዚአብሔር ይስጥህ። የዶለዶመ ታመጣበታለህ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስፈራ አደርኩ።»

ገብረጻድቅ ያዘጋጀው መልስ ለዚህ የሚሆን አልነበረም። ጥቅሉን መልሶ አሰረው።

«ልለምንህ አልመጣሁም» አሉ እማሆይ። «አፍ የለኝም። ያን ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ። ድንጋይ አልወረወርኩም፤ ተዉም አላልኩም። ምራቅ አልከለከለችም። አፏ ደርቆ ነው። ምላሷ ከላንቃዋ ሲጣበቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «ስድስት ዓመት! ለምን ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገሩም?»

«ፈራኋ፣ ልጄ። ልጄንም ፈራሁ፣ አገሩንም ፈራሁ።»

 እሱ ፊት ፊት፣ እሳቸው በምርኩዛቸው ኋላ ኋላ፣ ወደ ከተማው ወጡ።  ገብረጻድቅ ስድስት ዓመት ሙሉ የፈለገው የዚያ ሰውዬ ዝምታ መስሎት ኖሯል። ይህቺ አሮጊት «አይቻለሁ» ስትል ግን፣ ከዚህ ቃል የበለጠ የጠማው ነገር እንዳልነበረ ታወቀው። ዝምታማ ሞልቶት ነበር። አገሩ ሁሉ ዝም ብሎለት ነው የኖረው።

ከፊታውራሪ ግቢ በር አጋፋሪ ታመነ ከበቅሎው ወርዶ ጠበቀውና ትከሻውን ሊነካ እጁን ዘርግቶ፣ ጠይብ መሆኑ ትዝ ሲለው ሰበሰበው። ምን ማለት እንዳለበት አስጠናው፤ ፊታውራሪ ሲጠይቁት «ይቆረጥ» ይበል፣ ሌላ አንዳች እንዳይጨምር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጫወተው።

«ሥራህ ካማረ ስለቱን አታርቀው። የሚቆረጥ ገና ብዙ አለ። ከብቱን አየን እያሉ የሚያወሩትን ስም በስም እየያዝን ነው።»

ገብረጻድቅ «እሺ፣ ጌታዬ» አለ። ጥቅሉ ግን ብብቱ ስር ከበደው።

ችሎቱ ከግቢው ውጭ ካለው ትልቅ ጥድ ስር ተቀምጧል። ፊታውራሪ ኃይለ ገብርኤል ጥቁር በርኖስ ደርቦ ምንጣፍ በተነጠፈበት አልጋ ላይ፣ ስናድር ጠመንጃ ያነገቱ ጭፍሮች ከኋላው፣ ጭቃ ሹሞችና ሽማግሎች በግራ በቀኙ። ሕዝቡ ዝናቡን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ዳገቱን ሞልቶታል። መሪጌታ ወልደአረጋይ ጥምጣሙ ተገፎ፣ እጁ በጠፍር የፊጥኝ ታስሮ መካከል ቆሟል። ቁመተ ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ፣ ዓይኑ መሬት የማያይ ሰው ነው። ገብረጻድቅ ሲገባ አየውና፣ የሸተተው ነገር ያለ ይመስል ፊቱን አዞረ።

አዙር፣ አለ ገብረጻድቅ በልቡ። አዙር፤ አሁን ትዞራለህ።

ፊታውራሪ ነገሩን አላረዘመውም። ዋሽቻለሁ በልና ምላስህ ይትረፍ አለው።

«ዋሸሁ ካልኩማ የዋሸሁት ያኔ ነው» አለ መሪጌታ። «ያየሁትን ተናግሬአለሁ።»

ገብረጻድቅ ይህን ሲሰማ ጥላቻው ባሰበት። ፈሪ ቢሆን ምን ነበረበት! ተንበርክኮ ቢያለቅስ፣ የፊታውራሪን ጫማ ቢስም፣ እንዴት ደስ ባለው። ለበሰለች ያላሳያት ርኅራኄ ለበሬዎች ተረፈውና አሁን ሰማዕት ሊሆን ነው።

በሸዋ ችሎት ፍርድ የሚሰጠው ከታች ወደ ላይ ነው። ታናሹ መጀመሪያ ይናገራል፣ ከዚያ የሚበልጠው፣ ከዚያ የሚበልጠው፤ ሹሙ የመጨረሻውን ቃል ይሰጣል። ያወጡት አባቶች ብልሆች ነበሩ። ታላቁ ፊት ከተናገረ ታናሹ አፉን የት ይከፍታል? እርግጥ ነው፣ ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል፣ ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል። ፊታውራሪም ይህን ያውቃል። የካህን ምላስ ያስቆረጠ የሚለው ስም በእሱ ወይም በሽማግሎቹ ላይ እንዳይቀር፣ የመጀመሪያውን ቃል የሚሰጥ አንድ ሰው መርጧል።

«ዛሬ ከሁሉ ታች ያለው ይጀምር» አለና በጭራው አመለከተ። «ይህ ቀጥቃጭ። በዚህ ሰውዬ ምላስ ሚስቱን አጥቷል። ከእሱ የሚቀድም ፈራጅ የለም።»

ጉርምርምታ ተነሳ። ጠይብ ሊፈርድ! ገብረጻድቅ ሸማውን አደግድጎ ወደ መካከል ወጣ። ከመሪጌታ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመ። ጉሮሮው ደረቀ፤ ምላሱ ከላንቃው ሲጣበቅ ተሰማውና በሰለችን አሰባት። ከዚያ ምራቁን ዋጠ።

«ጌታዬ፣ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ዛሬ በዚህ ችሎት ፈራጅ ነኝ?»

«ፈራጅ ነህ አልኩህ።»

«እንግዲያው ጠይብ በዚህ ችሎት ቃል አለው ማለት ነው።»

ፊታውራሪ ትዕግሥቱ እያለቀ፣ አለህ ተናገር አለው። ገብረጻድቅ ግን ወደ ሽማግሎቹ ዞረና ይህን ሁሉም ሰምቶ እንደሆነ ጠየቀ። ከሽማግሎቹ ሁሉ የሚበልጡት፣ ሦስት ጌታ ሲሾም ሲሻር ያዩት አባ ዘርአ ዳዊት፣ ዓይናቸውን ከፈት አድርገው «ሰምተናል» አሉ።

«ይህን ሰው እጠላዋለሁ» አለ ገብረጻድቅ። «እንዲህ የጠላሁት ፍጡር የለኝም። ሞቱን ስድስት ዓመት ለምኛለሁ። ይህን ካራ ሁለት ቀን ስስል ከንፈሬ ዘፈን አላጣም። የኔ ፍርድ ግን ምላሱ አይቆረጥ ነው።»

 አጋፋሪ ታመነ አፉን እንደከፈተ ቀረ። መሪጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን መልሶ አየው።

«ምን አልክ?» አለ ፊታውራሪ።

«አይቆረጥ። ያ ምላስ በሰለችን ቡዳ ብሏታል። ዛሬ ብትቆርጡት ያ ቃል እንደተጣለ ይቀራል፤ የሚያነሳው አፍ የለም። እኔ ዲዳ አልከስም። እኔ ልጠይቀው፣ እሱ ይመልስልኝ። ይዋሽ፣ ይስደበኝ፣ ዳግም ቡዳ ይበለኝ፤ ግን ሰው ፊት ይበለኝና እኔም በተራዬ የምለውን ልበል። በቀሌ እሱ ነው። ሌላ በቀል አልፈልግም። ይህን በቀል እርስዎ በካራ ሊወስዱብኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«የጠየቅሁህ ስለ ከብቱ ቃሉ ነው። የሚስትህ ነገር ለብቻ ይታያል።»

«ምላሱ አንድ ነው። ለኔ ነገር የሚሆነውን ትቶ ለእርስዎ ነገር የሚሆነውን የሚቆርጥ ካራ አልሠራሁም፤ የሚሠራም የለም።» ገብረጻድቅ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር፤ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ መመለሻ የለውም። «ከብቱን ደግሞ እኔም አይቻለሁ። በደጄ ነው ያለፈው። ሦስቱ ወንዙ ዳር ሲወድቁ ቆሜ አይቻለሁ። እሱን ከቆረጣችሁ ቀጥሎ የኔ ነው። አጋፋሪ ታመነ፣ ገና ብዙ ስለሚቆረጥ ስለቱን አታርቀው ብሎኛል።»

ሕዝቡ ወደ ታመነ ዞረ። ታመነ ወደ ጫማው አየ።

ከገብረጻድቅ ቀጥሎ የተጠየቀው ጭቃ ሹም እየተንቀጠቀጠ «ይቆረጥ» አለ፤ ልጆች ነበሩት፣ አይፈረድበትም። ከእሱ የሚበልጠው ግን ረዘም አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገና፣ በበኩሉ የሞቱበትን አራት በሬዎች አስታውሶ፣ እሱም መንጋውን እንዳየ ተናገረ። ሌላው ተከተለ። ቃሉ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየደፈረ ሄደ። አባ ዘርአ ዳዊት ዘንድ ሲደርስ ሽማግሌው በምርኩዛቸው መሬቱን መታ አደረጉ። ደም ይቀድማል አሉ። የቃል ነገር ከደም ነገር በኋላ ነው የሚታየው፤ የደም ተከሳሽ ደግሞ መልሱን በአፉ ሊሰጥ ይገባዋል፤ አፉን ነሥቶ መልስ የሚል ዳኛ ከአባቶቻቸው ጊዜ ጀምሮ አልሰሙም።

ፊታውራሪ ኃይለ ገብርኤል ፊቱ ጠቆረ። የመጨረሻው ቃል የሱ ነበርና ተነስቶ ቆመ።

«ሁላችሁንም ሰማሁ። እኔ ይቆረጥ ብያለሁ። ታመነ፣ ካራውን ተቀበለው።»

አጋፋሪ ታመነ ሮጥ ብሎ ቀጥቃጩ ፊት ደረሰ። እጁን ዘረጋ። ዘርግቶም ከመንገድ አስቀረው፤ ለዓመታት እጁ የለመደው ነገር ቀደመው።

«መሬት ላይ አስቀምጠው» አለ።

«ከእጄ ተቀበል» አለ ገብረጻድቅ።

«አስቀምጥ ብያለሁ!»

«የጌታህ ትእዛዝ ተቀበል ነው። ይኸው፣ ተቀበል።» ካራውን በስለቱ በኩል ይዞ እጀታውን ዘረጋለት። ታመነ ጌታውን አየ፣ እጀታውን አየ፣ ሕዝቡን አየ። ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት ሳቅዋ አመለጣት። በዚያች ቅጽበት፣ ታመነ ከዓይን መወጋትና ከጌታው ቁጣ የቱ እንደሚከፋ ሲያማርጥ፣ ገብረጻድቅ ካራውን ወደ ብብቱ መልሶ ዳገቱን በሚያስተጋባ ድምፅ ጮኸ።

«በንጉሥ አምላክ! የሚስቴን ደም ይዤ ንጉሥ ፊት እቆማለሁ። እስከዚያ ድረስ ይህን ሰው የነካ ንጉሡን ነክቷል!»

ይህን ቃል ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፍ ሹም ሹመቱን አይወድም። ያን ሁሉ ሰው ምስክር አድርጎማ አይሞከርም። ፊታውራሪ ወደ አልጋው ተመለሰ። ሲቀመጥ አልጋው ሲጢጥ አለ። ሂዱ አለ በመጨረሻ፤ ግን ገብረጻድቅን በጭራው እያመለከተ፣ ከንጉሥ ደጅ ሲመለስ በእሱ አገር እሳት እንደማይጭር፣ ወናፉም ቤቱም ዛሬውኑ እንደሚቃጠል ነገረው። ያደርገዋል። ገብረጻድቅ ወደ መካከል ሲወጣ አውቆት ነበር። ሃያ ዓመት የነፋው ወናፍ ነው።

«ቁራኛ እሰሩልኝ» አለ ገብረጻድቅ።

ከሳሽና ተከሳሽ ከፍ ወዳለ ዳኛ ሲሄዱ የሸማቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ፣ አብረው ሄደው፣ አብረው በልተው፣ አብረው ተኝተው ነው የሚደርሱት። መሪጌታ ወልደአረጋይ ጠፍሩ ሲፈታለት ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ለካራው ያልደነገጠ ሰው አሁን ሁለት እርምጃ አፈገፈገ።

«ከዚህ ጋራ? እኔ ከቡዳ ጋራ ሸማ አልቋጥርም! ምላሴን ቁረጡት ይሻለኛል!»

ገብረጻድቅ ይህን ሲሰማ ካራውን ስሎ የጨረሰ ጊዜ የመጣለት ሳቅ ተመልሶ መጣለት።

«ሰማችሁ? አባ ዘርአ ዳዊት፣ ሰሙልኝ? ስድስት ዓመት ምስክር ያጣሁለትን ቃል በችሎት ደገመልኝ። ይኸን ምላስ ነው ልታጠፉብኝ የነበረው።»

ሽማግሌው በገዛ እጃቸው ቋጠሩት። ሁለት ጊዜ ቋጥረው ሳብ አድርገው አጠበቁት።

ሁለቱ ሰዎች አንድ የፊታውራሪ ጭፍራ ኋላቸው ተከትሎ፣ ወደ ደብረ ብርሃን በሚያወጣው ጎዳና ቀጠሉ። ከዚያ ጫጫ፣ ከዚያ የንጉሡ ደጅ እንጦጦ። የአራት ቀን መንገድ ነው። እማሆይ ወለተሐና በከተማው መውጫ ቆመው ጠበቋቸው። ከጉያቸው ሁለት ዳቦ አወጡ፤ አንዱን ለልጃቸው ሰጡ። ሁለተኛውን ይዘው ገብረጻድቅ ፊት ቆሙና፣ መሬት ላይ ሳያስቀምጡ፣ ደም በነካው ጣታቸው መዳፉ ውስጥ አኖሩት። ንጉሡ ፊት ያየሁትን እናገራለሁ አሉ፤ ልጃቸው እንዲሰማ ጮክ ብለው ነበር። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንስተው ከጭፍራው ኋላ ተሰለፉ።

መሪጌታ የእናቱን ቃል ሲሰማ ሸማውን ሊነጥቅ ሳበ። ቋጠሮው አልላላም። ከታች በኩል፣ ከጉሙ ስር፣ ጥቁር ጭስ መነሳት ጀምሯል። ገብረጻድቅ ቤቱ መሆኑን አወቀ፤ ዞሮ ግን አላየውም።

ዳቦውን እየገመጡ ከአንድ አፋፍ ወደ ሌላው ሄዱ። ስድስት መንደር ያሰማ የነበረው ሰው ትንፍሽ አላለም። ስድብ የለ፣ እርግማን የለ፣ የዳዊት ጸሎት እንኳ የለ። ገብረጻድቅ ጠበቀ፣ ጠበቀና አንጀቱ አረረ።

«ተናገር እንጂ» አለው። «ቤቴን የከፈልኩበት ምላስ ነው።»

«ምን ልናገር?»

«ስለ ሚስቴ። ንጉሥ ፊት የምትለውን አሁን በለኝ። ከስሟ ጀምር።»

 ሊያብል እንደሚችል፣ ሊሳደብ እንደሚችል ገብረጻድቅ አስቦ ነበር፤ ለሁሉም መልስ አዘጋጅቷል። መሪጌታ ግን መንገዱን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

«ስሟን አላውቀውም።»

የገብረጻድቅ እጅ ወደ ብብቱ ሄደ። ካራው እዚያው ነበር፤ ሁለት ቀን የተሳለ፣ ጠጉር የሚያረግፍ። የመሪጌታ ጉሮሮ እዚህ፣ አንድ ክንድ ላይ፣ በሸማ ታስሮለታል። ያ ሰው ማንነቷን እንኳ ያልጠየቃት ሴት ነበረች፤ ከነእንስራዋ የመጣች፣ ምራቅ ያጣች። መዳፉ እጀታውን ጨበጠ። ጨብጦ ቆየ። ከኋላ የእማሆይ ምርኩዝ ድንጋዩን ሲያንኳኳ ይሰማል።

ባዶ እጁን አወጣና ቋጠሮውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ መሪጌታን ጎኑ አስጠጋው።

«በሰለች» አለው። «በል፣ አንተም በል። እንጦጦ እስክንደርስ አራት ቀን አለን።»